የካርቦን ፋይበር ምት በቴርማል ካሜራ፦ ጉዳቱን አየሁት፣ ግን በምን ልመድበው?

አባይ_ማዶ፦
ሰላም ጎበዝ። በሜካኒካል ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነው፣ እዚሁ ባሕር ዳር። የመመረቂያ ሥራዬ በአውሮፕላን ኮምፖዚት፣ ማለትም ፋይበር በሙጫ ተነባብሮ በሚሠራው ቁስ፣ ላይ ነው። የካርቦን ፋይበር ናሙና ላይ ክብደት እጥላለሁ፣ ውስጡ የደረሰውን ጉዳት ሙቀትን በሚያይ ቴርማል ካሜራ አነሣለሁ፣ ከዚያ ምስሉን ኮምፒውተር ይመድበዋል።

ያለኝን ልንገራችሁ። ናሙናዎቹ 100 በ150 ሚሊሜትር ናቸው፣ ውፍረታቸው 4 ሚሊሜትር ገደማ። የሚወድቀው ክብደት ጫፉ ድቡልቡል ሆኖ ዲያሜትሩ 16 ሚሊሜትር ነው፣ የሙከራ ደረጃው እንደሚያዘው። በ5፣ በ10፣ በ15፣ በ20 እና በ30 ጁል (የምቱ ጉልበት መለኪያ) መትቻቸዋለሁ። ካሜራው በሰከንድ 9 ምስል ብቻ የሚያነሣው ርካሹ ዓይነት ነው። ማሞቂያዬ ፎቶ ቤቶች የሚጠቀሙበት ሁለት የሃሎጅን አምፖል።

በ10 ጁል የተመታውን ናሙና ከላይ ብታዩት ምንም አልሆነም ትላላችሁ። ሳሞቀው ግን መሐሉ ላይ ቦግ ያለ ነገር ይወጣል። እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። ከዚያ ምስሎቹን እንደ ጁላቸው በአምስት ምድብ ከፍዬ ለኒውራል ኔትዎርክ፣ ከምሳሌ ለሚማር ፕሮግራም፣ ሰጠሁት፤ ከመቶ 98 ያህሉን በትክክል መለሰ። አማካሪዬ ደስ ብሏቸዋል። እኔን ግን ነገሩ ከልክ በላይ ቀለለብኝ።

ጥያቄዬ፦ ይህ ካሜራ ለዚህ ሥራ ይበቃል? በጁል መመደቡስ ያስኬዳል? አውሮፕላን ነክቶ የሚያውቅ ሰው እዚህ ካለ ሐሳቡን ቢሰጠኝ ደስ ይለኛል።

አያ_ሙሌ፦
ኧረ እቴ! ኸዚህ ጣና ዳር ቁጭ ብለሽ የቦይንግ ቆዳ ትመረምሪያለሽ? እኛ የባጃጅ ጎማ አይቶ እውነቱን የሚነግረን አጥተናል። ለመሆኑ ባሕር ዳር የሚያርፈው አውሮፕላን ይህ ኮምፖዚት የምትሉት ነገር አለው?

የፍኖተሰላሙ፦
አለው እንጂ አያ ሙሌ። በላይ ዘለቀ ኤርፖርት የሚያርፈው ኪው400 አውሮፕላን የእያንዳንዱ ፕሮፔለሩ ስድስቱም ምላጮች ኮምፖዚት ናቸው። የጄቶቹም አፍንጫ፣ ራዳሩን የሚሸፍነው ራዶም፣ ብረት አይደለም፤ ብረት ቢሆን ራዳሩ አያይም ነበር። ወደ ትልልቆቹ ስትሄድ ቦይንግ 787 ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ፣ ኤርባስ ኤ350 ደግሞ 53 ከመቶው ኮምፖዚት ነው። 787 ነሐሴ 2004 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ከአፍሪካ አየር መንገዶች የተረከበው የእኛው የመጀመሪያ ነበር፤ ኤ350ም በ2008 እንደዚያው።

ምት ደግሞ ለባሕር ዳር እንግዳ አይደለም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከዚያው የተነሣ ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ ውስጥ ገብቶ ሁለቱንም ሞተሮቹን አጥቷል፤ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞተዋል። ያ የሞተር ታሪክ ነው፣ ከዚህች እኅታችን ርዕስ ጋር በቀጥታ አይገናኝም። ግን «ጎጃም ምን አገባው» ለሚል ሰው ይበቃል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። እኔ አዲስ አበባ ሃንጋር ውስጥ የኮምፖዚት ጥገና ላይ ነው የምሠራው። «በስንት ጁል ተመታ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፣ ሊኖርም አይችልም። የሎደር ሹፌር ክንፍ ሲነካ ጁል አይቆጥርም። መፍቻ ከእጁ የወደቀበት ልጅም እንደዚሁ። የክረምት በረዶም መለኪያ ይዞ አይወርድም። እኛ የምንጠይቀው የት ላይ ነው፣ ስፋቱ ስንት ነው፣ ስርጉዱ ምን ያህል ጠልቋል፣ ከጠርዙ፣ ከብሎኑ ወይም ቆዳውን ከውስጥ ከሚደግፈው ዘንግ፣ ከስትሪንገሩ፣ በስንት ይርቃል የሚለውን ነው። የጥገና ማኑዋሉ ለእያንዳንዱ ቦታ ወሰን አለው። ከወሰኑ በታች ከሆነ ተመዝግቦ ይበራል። ካለፈ አልትራሳውንድ ይመጣል፣ ድንበሩ ቆዳው ላይ በእርሳስ ይሰመራል፣ ከዚያ ጥገና።

አሉሚኒየም ሲመታ ይሰረጉድና እንደተሰረጎደ ይቀራል። ካርቦን ተመልሶ ይነሣል፤ ውስጡ ንብርብሮቹ ተላቀው ላዩ ደኅና ይመስላል። ስለዚህ ሕጉም ከዚህ ይነሣል። የአሜሪካው የአቪዬሽን ባለሥልጣን እንደ ፈረንጆቹ በ2009 ያወጣው መመሪያ ጉዳትን በአምስት ይከፍላል። አንደኛው በዓይን ባይታይ፣ ምርመራም ቢያልፈው አውሮፕላኑ ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞት መብረር የሚችለው ነው፤ ያን ጉዳት ይዞ በአገልግሎት ሊያጋጥም ከሚችለው ከፍተኛ ጭነት አንድ ተኩል እጥፍ መቻል አለበት። ሁለተኛው በመደበኛ ምርመራ የሚገኝ፣ ሦስተኛው በጥቂት በረራ ውስጥ ራምፕ (የአውሮፕላን መቆሚያ ሜዳ) ላይ ያለ ሠራተኛ የሚያየው፣ አራተኛው አብራሪው ወዲያው የሚያውቀው፣ እንደ ወፍ ምት ያለ።

አምስተኛውን ነው እኔ የምፈራው። መኪና ይገጫል። ጎማ የለበሰ መከላከያ ከሆነ ላዩ ላይ ጭረት እንኳ ላይተው ይችላል፣ ውስጥ ግን የጎድን አጥንቱ ሁሉ ተሰብሯል። እዚያ ላይ ካሜራሽም አይደርስም፣ ምክንያቱም ማንም ወደዚያ ቦታ አያዞረውም። ሹፌሩ አፉን ከፍቶ ካልተናገረ አውሮፕላኑ እንደዚያው ይነሣል።

እና የእኔ ምክር፦ ጁሉን ተይው። ስፋትና ጥልቀት ስጪኝ።

ጮቄ፦
እኔ ደብረ ማርቆስ ምስል ማቀነባበር አስተምራለሁ። ስለ አውሮፕላን የፍኖተሰላሙን ልጅ ስሚ፣ እኔ ስለ 98ው ልናገር።

እያንዳንዱ ናሙና ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ቪዲዮ ነው የቀረጽሽው፣ አይደል? ከአንድ ናሙና በመቶ የሚቆጠሩ ምስሎች ይወጣሉ። ሁሉንም ቀላቅለሽ በዕጣ «ይህ ለማሠልጠኛ፣ ይህ ለመፈተኛ» ካልሽ የአንዱ ናሙና ምስሎች በሁለቱም ወገን ይገባሉ። ኔትዎርኩ ጉዳት አልተማረም፤ ናሙናዎቹን በመልካቸው ለይቷቸዋል። የአምፖሉ ነጸብራቅ የት እንደሚያርፍ፣ ጥግ ላይ የጻፍሽው ቁጥር፣ የተቆረጠበት ጠርዝ፣ ሁሉም ለእርሱ መታወቂያ ነው። መክፈል ያለብሽ በናሙና ነው። እንዲያውም ከአንድ ትልቅ ጠፍጣፋ የተቆረጡ ናሙናዎች ወንድማማች ስለሆኑ በጠፍጣፋው ብትከፍይ ይሻላል።

ቀላል መሞከሪያ ልስጥሽ። የመፈተኛ ምስሎችሽን መሐል፣ ምቱ ያረፈበትን፣ በጥቁር አራት ማዕዘን ሸፍኚና እንደገና ጠይቂው። አሁንም «15 ጁል» እያለ በትክክል ከመለሰ ከየት እንዳወቀው ራሱን ጠይቂው።

ሌላም አለ። አምስት ምድብ አልሽ፣ አምስቱም የተመቱ ናቸው። ያልተመታው የታለ? ሃንጋር ውስጥ ከሚታየው ገጽ አብዛኛው ጤነኛ ነው። ጤና አይቶ የማያውቅ መርማሪ ሁሉን በሽተኛ ይላል።

አባይ_ማዶ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ ጮቄ። ሸፍኜ ሞከርኩት። መልሱ ብዙም አልወረደም። ጥርጣሬዬ ልክ ነበር ማለት ነው፤ በጠፍጣፋ እየከፈልኩ እንደ አዲስ ላሠለጥነው ነው። ያልተመቱ ናሙናዎችም አሉኝ፣ ለመጭመቂያ ሙከራ ያስቀመጥኳቸው፤ እነርሱንም አነሣቸዋለሁ።

የካሜራውን ነገር ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ሙቀት_ለኪ፦
እኔ ልሞክር። በካርቦን ኮምፖዚት ውፍረት አቅጣጫ ሙቀት የሚሠራጭበት መጠን በሰከንድ 0.4 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ነው። የጥልቀቱን ካሬ በዚህ ስታካፍዪ ሙቀቱ እዚያ ለመድረስ የሚፈጅበትን ጊዜ በግምት ታገኛለሽ። 1 ሚሊሜትር ላይ ያለ የተላቀቀ ንብርብር 2.5 ሰከንድ፤ 2 ሚሊሜትር ላይ ያለው 10 ሰከንድ፤ 3 ላይ 22 ሰከንድ ገደማ። ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ በሰከንድ 9 ምስል ለጥልቆቹ ተርፎ ይበቃል። የሚያመልጥሽ ላዩ ላይ ያለው ነው፦ ሩብ ሚሊሜትር ጥልቀት ላይ ጊዜው 0.16 ሰከንድ ነው፣ አንድ ምስል ወይ ሁለት።

ግን ካሜራው ሳይሆን አምፖሉ ነው የሚያስቸግርሽ። ሃሎጅን ሲጠፋ ወዲያው አይቀዘቅዝም፤ የጋለው መስታወቱ ናሙናው ላይ ማንጸባረቁን ይቀጥላል፣ ካሜራሽ ደግሞ የሚያየው ያንኑ ሙቀት ነው። ከአምፖሉ ፊት ወፍራም አክሪሊክ አቁሚ፤ ብርሃኑን ያሳልፋል፣ ረጅሙን የሙቀት ሞገድ ያስቀራል። ካልተገኘ ባጠፋሽ ቅጽበት በካርቶን ጋርጂው። ናሙናውን በውኃ የሚታጠብ ድፍን ጥቁር ቀለም ቀቢው፤ የሚያብረቀርቅ ገጽ ላይ ካሜራው የራሱን መልክ ነው የሚያነሣው። በትንሹ ሰያፍ አድርገሽም አቁሚው።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው አምፖሉን ቀስ እያልሽ ማብራትና ማጥፋት ነው፣ እኩል ጊዜ እየጠበቅሽ። ሎክ-ኢን ይሉታል። አንድ ዙር 20 ሰከንድ ከፈጀ የሙቀቱ ሞገድ 1.6 ሚሊሜትር ያህል ይዘልቃል፤ 100 ሰከንድ ከፈጀ 3.6። የሚነበበው የሙቀቱ ከፍታ ሳይሆን ፌዙ፣ ማለትም ምን ያህል ዘግይቶ እንደመጣ ነው። የአምፖሉ ብርሃን ወደ አንድ ወገን ቢያዘነብል ፌዙ ብዙም አይረበሽም፣ የጮቄው «መታወቂያ» ያኔ ይደበዝዛል። ብዙ ዙር ስታማክዪው ደግሞ የርካሹ ካሜራ ጩኸት፣ ምስሉን የሚያበላሸው ነጠብጣብ፣ ይወርዳል። ዋጋው ጊዜ ነው። መብራት መሐል ላይ ቢሄድ ከመጀመሪያው ትጀምሪያለሽ፤ ባሕር ዳር ነሽና ይህን እኔ አልነግርሽም።

አንድ ልክ ግን አለው፣ በየትኛውም ካሜራ። ከጥልቀቱ የሚያንስ ስፋት ያለው ጉድለት አይታይሽም፤ ሙቀቱ በጎኑ ዞሮ ያልፋል።

ቀይ_ጤፍ፦
ለምን በኤክስሬይ አይታይም? ወይስ በዚያ ቴራሄርትዝ በሚሉት ሞገድ?

ሙቀት_ለኪ፦
ቴራሄርትዝ ካርቦን ውስጥ አያልፍም፣ ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ለራዶምና ለመስታወት ፋይበር ነው። ተራ ኤክስሬይ ከፊት ሲያዩት የተላቀቀ ንብርብር አይለይለትም፤ ክፍተቱ ውስጥ ቀለም ካልገባ በቀር። ሲቲ ስካን ሁሉንም ያሳያል፣ ግን ናሙናው ትንሽ መሆን አለበት። ክንፍ አይገባበትም።

የድሮው_መካኒክ፦
ልጆቼ፣ ይህን ሁሉ ሳነብ ሳንቲም ረሳችሁ። እኔ ጡረታ ወጥቼ ዳንግላ ነው ያለሁት። በእኛ ጊዜ ሳንቲም ወይም ትንሽ መዶሻ ይዘን እናንኳኳ ነበር። እናቶቻችን ገንቦ ሲገዙ በጣታቸው መትተው ድምፁን እንደሚያዳምጡት ማለት ነው፤ ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተላቀቀው ይደነቁራል። ማኑዋሉም ይፈቅደው ነበር።

አባይ_ማዶ፦
ጋሼ፣ እርስዎ በ4 ሚሊሜትር ካርቦን ላይ ሞክረውት ያውቃሉ? እኔ ሳንኳኳ 10 ጁሉም ጤነኛውም አንድ ድምፅ ነው የሚሰጠኝ።

የድሮው_መካኒክ፦
ይሰጥሻል ልጄ። ማንኳኳት ለስስ ቆዳ ነው፣ ከሥሩ የንብ እንጀራ ለመሰለው ሳንድዊች። ወፍራም ድፍን ላይ ጥልቁን አይነግርሽም። ጫጫታም ባለበት አይሆንም፣ አጠገብህ ሞተር እየዞረ ምን ትሰማለህ። እኔ ያልኩት ሌላ ነው፦ ያ ሳንቲም ሁለት መልስ ብቻ ነበር ያለው፣ «እለፍ» ወይም «ሰው ጥራ»። ያንቺ ማሽን አምስት ይመልሳል፤ አምስቱን ምን ላድርጋቸው?

የፍኖተሰላሙ፦
ጋሼ ጨረሱት። አሁንም ራምፕ ላይ የምንጠቀምበት ትንሽዬ የአልትራሳውንድ መሣሪያ እንደዚያው ነው የሚሠራው፤ ጤነኛ ቦታ ላይ ታስተካክለዋለህ፣ የተመታው ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ ደኅና ነው ወይም ችግር አለ ይልሃል። ከዚያ በኋላ ሙሉው ምርመራ የምስክር ወረቀት ያለው ሰው ሥራ ነው።

ጮቄ፦
እዚህ ላይ አልስማማም። ሁለት መልስ ለራምፕ ይበቃል እንበል። ለምርምር ግን የጉዳቱ ዓይነት ዋጋ አለው። ሙጫው ብቻ የተሰነጠቀ፣ ንብርብሩ የተላቀቀ፣ ፋይበሩ ራሱ የተቆረጠ፣ ሦስቱ አንድ አይደሉም። የተላቀቀ ንብርብር ሲሳብ ብዙም አይጎዳም፣ ሲጨመቅ ግን እንደ ስስ ወረቀት ይጎብጥና ጥንካሬውን ይበላዋል። የተቆረጠ ፋይበር ሲሳብ ነው ጉዱ የሚታየው። የክንፍ የላይኛው ቆዳ በበረራ ይጨመቃል፣ የታችኛው ይሳባል። ታዲያ ዓይነቱን ሳያውቁ ስፋት ብቻ ምን ያደርጋል?

የፍኖተሰላሙ፦
ጋሼ ጮቄ፣ ንድፈ ሐሳቡ ልክ ነው። ነገር ግን ማኑዋሉን የጻፉት መሐንዲሶች ያንን አስቀድመው አስበው ነው ለላይኛውና ለታችኛው ቆዳ የተለያየ ወሰን ያስቀመጡት። እኔ ጋ ሲደርስ ስፋት ሆኖ ነው የሚደርሰው። ዓይነቱን ማወቅ የእርሷ ጥናት ከሆነ ደግ፤ ግን ከአንድ ቴርማል ምስል ይወጣል ወይ? እኔ እስካየሁት አይወጣም።

ሙቀት_ለኪ፦
አይወጣም፣ ምክንያቱም ጥላ አለ። ምቱ ካረፈበት ገጽ ወደ ታች በሄድሽ ቁጥር የተላቀቀው ስፋት ይጨምራል፤ ትልቁ ያለው ከጀርባው አጠገብ ነው። ካሜራው ከፊት ሲያይ የመጀመሪያውን፣ ትንሹን፣ ያያል፤ እርሱ ደግሞ ሙቀቱን ስለሚያግድ የበታቾቹን ይጋርዳል። ከጀርባ ብታነሺው ያው ናሙና በጣም ሰፍቶ ይታይሻል። ላብራቶሪ ውስጥ ጀርባውን ማዞር ይቻላል፣ አውሮፕላን ላይ አይቻልም።

ስለዚህ ሁለቱንም አንሺ። ከፊት የተነሣው የኔትዎርኩ ጥያቄ ይሁን፣ የጀርባው የመልሱ አንዱ ክፍል። እንደኔ ከዚህ የተሻለ ርዕስ የለሽም፦ ከፊት ከሚታየው ትንሽ ምልክት ተነሥቶ ከኋላ ያለውን ስፋት መገመት ይቻላል ወይ?

ጥጥና_ሸማ፦
ዘግይቼ መጣሁ። እኔ ከጨርቃጨርቅ በኩል ነኝ፣ አባይ ማዶ ጎረቤቴ ሳትሆን አትቀርም።

እስካሁን ያልተነሣው ነገር መልሱ፣ ኔትዎርኩ የሚማርበት እውነት፣ ከየት እንደሚመጣ ነው። ከራሱ ከቴርማሉ ምስል ላይ በእጅሽ ድንበር ካሰመርሽ ኔትዎርኩ የሚማረው ያንቺን ዓይን ነው። ሌላ ምስክር ያስፈልጋል። ናሙናውን ቃኝቶ የጉዳቱን ካርታ የሚያወጣ አልትራሳውንድ ሲ-ስካን ካገኘሽ እሰየው፤ በተለይ አንዱ ላኪ፣ አንዱ ተቀባይ ሆኖ ናሙናውን የሚያቋርጠው ዓይነት፣ የሁሉንም ንብርብር ድምር ስፋት ይሰጣል። ካላገኘሽ ግን አትቁሚ። የመስታወት ፋይበር ናሙና ሥሪና ምቺው። መስታወቱ ብርሃን ያሳልፋል። ከጀርባው አምፖል አብሪና በተራ የስልክ ካሜራ አንሺው፤ የተላቀቀው ቦታ ለብቻው ተለይቶ ይታያል። ድንበሩ በነፃ ተገኘ ማለት ነው። ቴርማሉን ከዚያ ጋር ታስተያያለሽ። የመስታወትና የካርቦን የሙቀት ጠባይ ስለሚለያይ የተማረውን ወደ ካርቦን በቀጥታ እንዳትወስጂው፤ ዘዴሽ መሥራቱን ማረጋገጫ ነው።

ሌላው፣ የተሸመነ ጨርቅ ነው ወይስ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያለው ፋይበር የተጠቀምሽው? በሽመናው ድርና ማጉ ስለሚያያዝ ጉዳቱ ሰብሰብ ይላል። ባልተሸመነው ግን የተላቀቀው ከሥሩ ያለውን ፋይበር ተከትሎ ይረዝማል፣ በሁለት ወገን እንደ ለውዝ ቅርፊት። በተሸመነው ላይ የሽመናው ጥለት ራሱ በቴርማል ይታያል፣ ትንንሽ ጉዳት መስሎ ኔትዎርኩን ያደናግራል።

አባይ_ማዶ፦
ያልተሸመነ ነው፣ ንብርብሮቹ በአራት አቅጣጫ የተደረደሩ። የመስታወቱን ሐሳብ ወድጄዋለሁ፣ ሬዚንም ጨርቅም አለን። እንግዲህ ምድቡን እንዲህ ልቀይረው አስቤአለሁ፦ መጀመሪያ አለ ወይስ የለም፣ ካለ ድንበሩን ኔትዎርኩ ያሰምር፣ ከዚያ ስፋቱ ይለካ። ጁሉ እንደ ማስታወሻ ብቻ ይቀመጥ። ጋሼ ጮቄ፣ ታዲያ ከመቶ ስንት ብዬ ነው የምዘግበው?

ጮቄ፦
ከመቶ አትበዪ። የአቪዬሽን ሰው የሚጠይቀው በ95 ከመቶ እርግጠኝነት ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ የሚገኘው ትንሹ ጉዳት ስንት ሚሊሜትር ነው ብሎ ነው። ለአንድ መጠን ብቻ ይህን ለማሳየት አጭሩ መንገድ 29 ተመሳሳይ ጉዳት አቅርቦ 29ኙንም ማግኘት ነው፤ አንድ ካመለጠ ቁጥሩ ይጨምራል። የተለያየ መጠን ካለሽ ግን ከትንሽ እስከ ትልቅ ደርድረሽ፣ መጠኑ ሲጨምር የመገኘት ዕድሉ እንዴት እንደሚያድግ የሚያሳየውን ኩርባ ሥሪ። በ5 ጁል የተመቱት ላይ ብዙ ናሙና ጨምሪ፣ ኩርባው የሚታጠፈው እዚያ አካባቢ ነው። 30 ጁሉን ዓይን ያለው ሁሉ ያገኘዋል።

ቀይ_ጤፍ፦
ከርዕስ ልውጣና፣ ኮምፖዚት ከተጎዳ ይጣላል ወይስ ይጠገናል? ብየዳ የለውም መቼም።

የፍኖተሰላሙ፦
ይጠገናል። የተጎዳው በደረጃ እየሳሳ ይፋቃል፣ አዲስ ንብርብር በየአቅጣጫው ይተካል፣ በቫኪዩምና በሙቀት ይበስላል። ወይም የተዘጋጀ ጠጋኝ በብሎን ይያዛል። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ለንደን ሂትሮው ላይ ቆሞ ሳለ የተቃጠለውን የእኛን 787 ታስታውሳለህ? እሳቱ የተነሣው ከአደጋ ጊዜ ጠቋሚው ባትሪ ነበር፣ ከጭራው ፊት ለፊት ያለው የጣሪያው ኮምፖዚት ተበላ። ተጠግኖ ታኅሣሥ 2006 ሥራ ጀመረ። ያ የሙቀት ጉዳት ነው፣ ከምት የባሰ ፈታኝ፤ ሙጫው እስከ የት እንደተበላሸ ዓይን አይለየውም።

አያ_ሙሌ፦
እኔስ የባጃጄን ጎማ በዚያ ካሜራ ታይልኝ እንደሆነ ልጠይቅ ነበር፤ ጎማም ንብርብር ነው አሉ።

ሙቀት_ለኪ፦
ጎማ በሌዘር ሼሮግራፊ፣ የገጹን ጥቃቅን ለውጥ በሌዘር በሚያሳይ ዘዴ፣ ይታያል፣ የአውሮፕላን ጎማ እንደ አዲስ ሲለበጥ እንዲያ ነው የሚፈተሸው። አንተ ነፋሱን ለካ፣ ይበቃሃል።

የፍኖተሰላሙ፦
አባይ ማዶ፣ አንድ የረሳሁት። የስርጉዱን ጥልቀት የለካሽው መቼ ነው? ካርቦን ላይ ስርጉድ ከጊዜ ጋር ይመለሳል፣ እርጥበትና ሙቀት ደግሞ ያፋጥኑታል። እንደመታሽው ወዲያው ለኪ፣ ጥቂት ቀን አሳድረሽ ደግመሽ ለኪ፣ ሁለቱንም ጻፊ። ምርመራ ላይ እኛ የምናገኘው ሁለተኛውን ነው።

አባይ_ማዶ፦
የለካሁት ወዲያው ብቻ ነው። ናሙናዎቹ አሁንም መደርደሪያ ላይ ስላሉ ነገ ጠዋት እንደገና እለካቸዋለሁ። ሁለቱን ቁጥሮች ከጀርባው ምስል ጋር እዚሁ ክር ላይ አወጣቸዋለሁ።